በአሜሪካ ተጠባባቂ ፖሊስ መሆን፦ የትኛው ዓይነት ለማን ይሆናል?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ ወፍራም ቅጽ ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ፖሊስ ልሆን ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። ልጁ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ሥራውንም ይወደዋል። «ሥራዬን አልለቅም እኮ፤ ሪዘርቭ፣ ማለትም ከሥራዬ ጎን ለጎን የሚያገለግል ተጠባባቂ፣ ነው የምሆነው» ሲለኝ ትንሽ ተረጋጋሁ። «የትኛው ዓይነት ሪዘርቭ?» ብዬ ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም። ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለው ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም የተሻለ አላውቅም ነበር። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቡና እየጠጣን የየስቴቱን ሕግና የየፖሊስ መሥሪያ ቤቱን መስፈርት ስናገላብጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩና ይህ ሐሳብ ልባችሁ ውስጥ ላለ ሁሉ ነው። ቋንቋችንን የሚናገር ፖሊስ በር ላይ ሲቆም ለአንዲት እንግሊዝኛ ለማትችል እናት ምን ማለት እንደሆነ አይቻለሁ። ስለዚህ ብትገቡበት ደስ ይለኛል። የምትገቡት ግን አውቃችሁ ይሁን።

ተጠባባቂ የሚለው ስም አንድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ግን ብዙ ነው። አንዱ ሽጉጥ ታጥቆ በፓትሮል መኪና ብቻውን ይወጣል። ሌላው ከመደበኛ ፖሊስ አጠገብ ካልሆነ ማንንም አይዝም። ሌላው ደግሞ ዱላና ሬዲዮ ይዞ ሰፈር ይቃኛል። «ብቁ ነኝ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ብቁነቴ የሚለካው ለየትኛው ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መስፈርቱ የሚከብደውም የሚቀለውም በዚያ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

እኛ ስናወዳድር አምስት ነገር ይዘን ነበር።

የመጀመሪያው ሥልጣን ነው። ሰው መያዝ ትችላላችሁ? ብቻችሁን ነው ወይስ በሌላ ፖሊስ ክትትል ሥር? ሥልጣኑ ዩኒፎርም ስታወልቁ ያበቃል ወይስ 24 ሰዓት አብሯችሁ ይኖራል? ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ወረቀት ነው፦ ሲቲዝን መሆን ግዴታ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ይበቃል? አራተኛው ሥልጠና ነው፦ ስንት ሰዓት ነው፣ መቼ ይሰጣል፣ ማን ይከፍላል። አምስተኛው ከገባችሁ በኋላ ያለው ሸክም ነው፦ በወር የሚጠበቅባችሁ ሰዓት፣ የጉዳት ካሳ፣ ከመደበኛ ሥራችሁ ጋር የሚፈጥረው ግጭት።

ዕድሜና ትምህርት እዚህ ውስጥ ያልገቡት ብዙም ስለማያለያዩ ነው። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው 21 ዓመት እና የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ (ከዲፕሎማው እኩል የሚቆጠር የፈተና ማስረጃ) ነው። ልዩነት ያለበትን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ታጥቆ ብቻውን የሚሠራ

ይህ ከመደበኛ ፖሊስ የሚለየው በሰዓቱና በደመወዙ ብቻ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ቢኖርም ለስሙ ያህል ነው።

ካሊፎርኒያ ተጠባባቂዎቿን በሕግ ሦስት ደረጃ ሰጥታቸዋለች። የመጀመሪያው «ሌቭል ዋን» ይባላል። እዚያ ለመድረስ መደበኛው ፖሊስ የሚወስደውን መሠረታዊ ኮርስ መጨረስ ግድ ነው። የስቴቱ ዝቅተኛ ልክ 664 ሰዓት ነው፤ ብዙ አካዳሚዎች ከዚያ በላይ ያሠለጥናሉ። ቀጥሎ ከልምድ ካለው ፖሊስ ጋር የሚደረግ የመስክ ሥልጠና አለ። ከተሾማችሁ በኋላም በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት የማደሻ ትምህርት ይጠበቅባችኋል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ ተጠባባቂ ኮር (ጓድ) ከ1947 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩ ሥር የሰደደ ነው።

የአካል ብቃት ፈተናውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በካሊፎርኒያ አካዳሚ 165 ፓውንድ የሚመዝን አሻንጉሊት 32 ጫማ ትጎትታላችሁ። ይህ ማለት 75 ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ራሱን የሳተ ሰው የሚያህል ክብደት ወደ 10 ሜትር መጎተት ነው። ባለ 6 ጫማ አጥር ትዘላላችሁ፤ 500 ያርድ ትሮጣላችሁ። የእህቴ ልጅ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስሮ ሲለማመድ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ ያለው በክንድ ሳይሆን በእግርና በወገብ መሆኑን የተማረው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ቴክሳስ ከዚህ ትከብዳለች። እዚያ ተጠባባቂ ለመሆን የመደበኛ ፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮርሱ ከ700 ሰዓት በላይ ነው፤ የስቴት ፈተናም አለው። ዕድሜ 21 ነው። ሆኖም የ60 ሰዓት የኮሌጅ ክሬዲት ወይም የአሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ያለው፣ አልያም ቢያንስ ሁለት ዓመት በወታደርነት አገልግሎ በክብር የተሰናበተ ሰው በ18 መግባት ይችላል። ወንጀልን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፦ በ«ክላስ ኤ» (ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ መደብ) ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጥፋት የተፈረደበት አይገባም፤ ከእሱ በታች ባለው በ«ክላስ ቢ» ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ማለፍ አለበት። የቴክሳስ ጥቅሙ ደግሞ ፈቃዱ ያው አንድ በመሆኑ ነው። ነገ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ የሙሉ ጊዜ ፖሊስ ልሁን ብትሉ እንደገና ከአንድ አትጀምሩም።

ዋሽንግተን ዲሲ ለብዙዎቻችን ቅርብ ናት። የከተማው ፖሊስ ተጠባባቂ ኮር ከ1951 ጀምሮ አለ። ሁለት ደረጃ አለው፤ የላይኛው ብቻውን ይወጣል፣ የታችኛው ከሌላ ፖሊስ ጋር ነው። ሥልጠናውን መሥሪያ ቤቱ ራሱ በማታና በቅዳሜ እሁድ ይሰጣል። ለሠራተኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጆርጅታውን የሕግ ፕሮፌሰር ሮዛ ብሩክስ ከ2016 እስከ 2020 ማስተማሯን ሳታቋርጥ እዚያ በተጠባባቂነት አገልግላለች። በእሷ ጊዜ ከእያንዳንዱ ተጠባባቂ በወር 24 ሰዓት ይጠበቅ ነበር። ሦስት ሙሉ ሽፍት ማለት ነው። ልጅ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይየው። ዲሲ ሲቲዝን መሆንን ትጠይቃለች።

ሥልጣን ያለው፣ ግን በክትትል ሥር የሚሠራ

ለብዙ ሰው ትክክለኛው ቦታ ይህ ይመስለኛል። ክብሩም ኃላፊነቱም አለ፤ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ አጠገባችሁ ልምድ ያለው ሰው አለ።

የካሊፎርኒያ «ሌቭል ቱ» እንዲህ ነው። ሙሉውን የፖሊስ ሥራ ትሠራላችሁ፤ ነገር ግን መሠረታዊ ኮርሱን የጨረሰ ፖሊስ አጠገባችሁ ሆኖ መቆጣጠር አለበት። ሥልጠናው ከሌቭል ዋን ያነሰ ነው። ካሊፎርኒያ ሥልጠናውን በሦስት ሞጁል ከፍላ የምትሰጥበት መንገድ አላት። ከሦስተኛው ትጀምራላችሁ፣ ወደ ሁለተኛው ታልፋላችሁ፣ አቅምና ጊዜ ካላችሁ አንደኛውን ትጨርሳላችሁ። መሃል ላይ ብታቆሙም የደረሳችሁበት ደረጃ ያገለግላችኋል። እኔ ካየኋቸው ሁሉ ለቤተሰብ ኃላፊ የሚመቸው አደረጃጀት ይሄ ነው።

ፍሎሪዳ ደግሞ ሁለቱን በስም ትለያለች። «ፓርት ታይም» የሚባለው እንደ ሙሉ ጊዜ ፖሊስ የሠለጠነ ነው። «ኦግዚለሪ» ማለትም ረዳት የሚባለው አጭር ሥልጠና ይወስዳል፤ ሰው የመያዝ ሥልጣን አለው፣ ግን በሌላ ፖሊስ ቀጥተኛ ክትትል ሥር ሲሆን ብቻ። የፍሎሪዳ ዝቅተኛ ዕድሜ 19 ነው፤ ሲቲዝን መሆን ግዴታ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። በፍሎሪዳ ከባድ ወንጀል ብቻ ሳይሆን በሐሰት ምስክርነት ወይም በሐሰት ቃል የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱ ቀላል ቢባልም፣ አይሾምም።

እዚህ ላይ በ2015 ቱልሳ፣ ኦክላሆማ የሆነውን ማንሳት አለብኝ። የ73 ዓመት ተጠባባቂ ዴፑቲ (በሸሪፍ፣ ማለትም በአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ሥር የሚሠራ ፖሊስ) በአንድ የድብቅ ዘመቻ ላይ ተሳተፈ። መሬት ላይ የተያዘን ያልታጠቀ ሰው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ለማደንዘዝ አስቦ ሽጉጡን ተኮሰ። ሰውየው ሞተ። ተጠባባቂው በ2016 ተፈርዶበት 4 ዓመት ተቀጣ፤ ሸሪፉም ሥልጣኑን ለቀቀ። ይህ ሰው ለሸሪፉ ቢሮ ዕቃና ገንዘብ የሚለግስ ወዳጅ ነበር፤ ሥልጠናውን በትክክል መውሰዱም ትልቅ ጥያቄ አስነሥቷል።

ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። አንዳንድ ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ቶሎ ባጅ ይሰጣሉ። «እኛ ጋ ነገሩ ቀላል ነው» ሲሏችሁ ደስ አይበላችሁ። የሥልጠና ሰዓት ሲያንስ የሚቀለው መግቢያው ብቻ ነው። በዚያች ሰከንድ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የደጋገማችሁት ልምምድ ነው።

ያልታጠቀ ረዳት

ትልቁ ምሳሌ የኒው ዮርክ ከተማ ረዳት ፖሊስ ነው። የተመሠረተው በ1950ዎቹ ለሲቪል መከላከያ ነበር። ዩኒፎርም ይለብሳሉ፤ ዱላና ሬዲዮ ይይዛሉ፤ ሽጉጥ ግን አይታጠቁም። ሥራቸው መታየት፣ ማየት እና መጥራት ነው። ከ17 ዓመት ጀምሮ መመዝገብ ይቻላል። በከተማው መኖር ወይም መሥራት ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለውም ይገባል። ሥልጠናው ነጻ ነው፤ በማታ ይሰጣል።

ለወጣት፣ ገና ሲቲዝን ላልሆነ፣ ሥራው ይስማማኝ ይሆን ብሎ ለሚያመነታ ሰው ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ግን ያልታጠቀ ማለት አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። በመጋቢት 2007 በግሪንዊች ቪሌጅ ሁለት ያልታጠቁ ረዳት ፖሊሶች አንድ ታጣቂ ሲከታተሉ ተገድለዋል። አንደኛው ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ በልጅነቱ ከሩሲያ የመጣ ስደተኛ። ከዚያ በኋላ ነው ከተማው የጥይት መከላከያ ሰደርያ ለሁሉም ለማዳረስ የተነሳው። ለልጃችሁ ይህን በር ስትጠቁሙ ሰደርያውን ማን እንደሚሰጥ ጠይቁ።

የካሊፎርኒያ «ሌቭል ስሪ» ለዚህ ይቀርባል። ሰው ለመያዝ በማያደርሱ ሥራዎች ላይ ይመደባሉ፦ ትራፊክ፣ ሰልፍ፣ ሪፖርት መቀበል፣ ማስረጃ ማጓጓዝ። ተቆጣጣሪው ጎናቸው ባይቆምም በቅርብ መገኘት አለበት።

በአንድ ዓይን

| ዓይነት | ብቻውን ይሠራል? | መሣሪያ | ዜግነት | ሥልጠና |
|---|---|---|---|---|
| ካሊፎርኒያ ሌቭል ዋን | አዎ | ይታጠቃል | ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ በስቴቱ ሕግ ይበቃል | ቢያንስ 664 ሰዓት እና የመስክ ሥልጠና |
| ካሊፎርኒያ ሌቭል ቱ | አይ፤ ፖሊስ አጠገቡ ሆኖ | ይታጠቃል | ከላይ እንዳለው | ሁለት ሞጁል |
| ካሊፎርኒያ ሌቭል ስሪ | በተወሰኑ ሥራዎች፣ በቅርብ ክትትል | እንደ መሥሪያ ቤቱ | ከላይ እንዳለው | አንድ ሞጁል |
| ቴክሳስ ሪዘርቭ | እንደ መሥሪያ ቤቱ ምደባ | ይታጠቃል | በመሠረቱ ሲቲዝን | ከ700 ሰዓት በላይ እና የስቴት ፈተና |
| ፍሎሪዳ ኦግዚለሪ | አይ፤ በቀጥተኛ ክትትል | ይታጠቃል | ሲቲዝን | ከመደበኛው ያጠረ |
| ዲሲ ሪዘርቭ ኮር | በላይኛው ደረጃ አዎ | ይታጠቃል | ሲቲዝን | በማታና በቅዳሜ እሁድ |
| ኒው ዮርክ ረዳት ፖሊስ | መያዝ ሳይሆን ማየትና መጥራት | ሽጉጥ የለም | ግሪን ካርድም ይሆናል | በማታ፣ ነጻ |

ስለ ካሊፎርኒያ ዜግነት አንድ ቃል። ከጥር 2023 ጀምሮ የስቴቱ ሕግ ፖሊስ ለመሆን ሲቲዝን ሁኑ አይልም፤ በፌደራል ሕግ የመሥራት ፈቃድ መኖሩ ይበቃል። ሆኖም አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ተጨማሪ መስፈርት ሊጠይቅ ስለሚችል ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ሁሉንም የሚያገናኘው ወንፊት፦ የኋላ ታሪክ ምርመራ

የቱንም ብትመርጡ፣ በተለይ መሣሪያ ካለበት፣ ዋናው ፈተና ይህ ነው። እኛ ሀበሾች የምንሰናከለውም እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም በጥፋት ሳይሆን በወረቀት።

የጣት አሻራ ይወሰዳል። የኖራችሁበት ቤት፣ የሠራችሁበት ቦታ፣ ጎረቤትና የቀድሞ አለቃ ይጠየቃል። የብድር ታሪክ ይታያል። የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ አለ። ብዙ ቦታ የውሸት መመርመሪያ ማሽንም አለ።

ወደ እህቴ ልጅ ቅጽ ልመለስ። የተወለደው ኅዳር 12 ቀን 1985 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1992 ማለት ነው። ፓስፖርቱ ላይ በትክክል ተጽፏል። ከአገር ቤት ያመጣው የትምህርት ማስረጃ ላይ ግን 12/3/1985 ይላል። ይህን አሜሪካዊ መርማሪ ሲያነበው ዲሴምበር 3 ቀን 1985 ይሆናል። የሰባት ዓመት ልዩነት! እኛ ሳቅንበት። መርማሪው ግን ላይስቅ ይችላል፤ እሱ የሚያየው ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ነው።

ስሙም እንደዚያው ነው። የልጁ የቤተሰብ ስም የአባቱ ስም ነው። የአባቱ የቤተሰብ ስም ደግሞ የአያቱ ነው። የእናቱ ሌላ ነው። አንድ ቤት፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። ወንድሙ ደግሞ ሲመጣ የስሙ ፊደል በሌላ አጻጻፍ ተመዝግቧል። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ለቅጹ ግን ጥያቄ ነው። መፍትሔው ሳይጠየቁ ማስረዳት ነው። በአንድ ገጽ የስም አወጣጣችንንና የዘመን አቆጣጠራችንን አስረድታችሁ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር አያይዙ።

ትምህርት ላይ፣ የአገር ቤት የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ብቻውን ላያልፍ ይችላል። በካሊፎርኒያ ሕግ ጂኢዲ ወይም እውቅና ካለው ኮሌጅ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይበቃል። እዚህ ኮሌጅ የጨረሳችሁ ከሆነ በዚያ ግቡ፤ የአሥመጪና የላኪ ያህል ወረቀት ማመላለስ ይቀርላችኋል።

ወንዶች ሆይ፣ «ሰለክቲቭ ሰርቪስ» የሚባለውን፣ ለውትድርና ሊጠሩ የሚችሉ ወንዶች የሚመዘገቡበትን፣ አትርሱ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ውስጥ እያላችሁ አሜሪካ ከነበራችሁ፣ በግሪን ካርድም ቢሆን፣ መመዝገብ ነበረባችሁ። ብዙ መሥሪያ ቤት ማስረጃውን ይጠይቃል። ከ26 በኋላ ከመጣችሁ ደግሞ የገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጁ።

አሁን ከበድ ወዳለው። በፌደራል ሕግ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱ ቀላል ወንጀል ቢባልም፣ ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። ይህ በ1996 የወጣ ነው፤ ለፖሊስ እንኳ ልዩ ፈቃድ የለውም። ከብዙ ዓመት በፊት በባልና ሚስት ጭቅጭቅ ፖሊስ ተጠርቶ፣ ጠበቃ «ዝም ብለህ ጥፋተኛ ነኝ በልና ይለቅ» ብሎት የፈረመ ሰው አለ። ያ ፊርማ ዛሬም ይከተለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ አካዳሚ ከመክፈላችሁ በፊት የወንጀል ሕግ ጠበቃ አማክሩ።

ጫትንም ላንሳ። ብዙ ሰው ቅጹ ላይ «ሕገወጥ ዕፅ ተጠቅመህ ታውቃለህ?» ሲል «በፍጹም» ብሎ ይሞላል፤ ጫት ለእሱ ዕፅ አይደለማ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በአሜሪካ ፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ፣ በአንደኛው መደብ ውስጥ ነው። ማሪዋናም ስቴቱ ፈቅዶታል ማለት በምልመላ አይጠየቅም ማለት አይደለም። የሚታየው መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ የሚለው ነው። በወጣትነት የተደረገ ነገር ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የተደበቀ ግን አይታለፍም።

ለምን እንደማይታለፍ ሲገባችሁ አትደብቁም። ፖሊስ ፍርድ ቤት ምስክር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 እና በ1972 በሰጣቸው ውሳኔዎች መሠረት፣ ዐቃቤ ሕግ የምስክሩን ተአማኒነት የሚጎዳ ነገር ካለ ለተከሳሽ ወገን ማሳወቅ አለበት። የዋሸ ፖሊስ የያዘው ሰው ሁሉ ጠበቃ «ይሄ ሰው በፊትም ዋሽቷል» ይላል። ስለዚህ ቅጽ ላይ የዋሸ ሰው ገና ሳይጀምር ለሥራው አይሆንም። የድሮ ትራፊክ ቲኬት፣ የተባረራችሁበት ሥራ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፦ ሁሉንም ጻፉ።

እንደየሁኔታችሁ

ግሪን ካርድ ብቻ ላላችሁ፦ ኒው ዮርክ ከሆናችሁ በረዳት ፖሊስ ጀምሩ። ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ዜግነት እስክትወስዱ፣ ማለትም በተለመደው መንገድ 5 ዓመት፣ ከሲቲዝን ጋር በትዳር ከሆነ 3 ዓመት እስኪሞላ፣ ፋይላችሁን እያስተካከላችሁ ጠብቁ። ዕዳ ክፈሉ፤ ታክስ በጊዜው አስገቡ፤ የትራፊክ ቲኬት አታስቀምጡ።

ነገ የሙሉ ጊዜ ፖሊስ ለመሆን ለምታስቡ፦ አጭሩን መንገድ ተዉት። ቴክሳስ ወይም ሌቭል ዋን ይሻላችኋል። ዛሬ ያጠፋችሁት ሰዓት ነገ ይቆጠርላችኋል።

ሥራና ልጆች ላሉባችሁ፦ በሞጁል የሚሰጥ ወይም በማታ የሚያሠለጥን ፈልጉ። በወር የሚጠበቀውን ሰዓት በጽሑፍ ተቀበሉ።

ገንዘብ ለሚያሳስባችሁ፦ ትልቁ ጥያቄ አካዳሚውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ዲሲና ኒው ዮርክ ራሳቸው ያሠለጥናሉ። ሌሎች ቦታዎች ላይ በኮሌጅ በኩል ራሳችሁ ትከፍሉ ይሆናል። ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ቀበቶ፣ አንዳንድ ቦታ ሽጉጡም ጭምር በራሳችሁ ሊሆን ይችላል። ከሥራ የምትቀሩበትን ቀንም አስሉት።

ሬስቶራንት ወይም መጠጥ ቤት ላላችሁ፦ ብዙ መሥሪያ ቤቶች መጠጥ ከሚሸጥ ንግድ ጋር ያለ ግንኙነትን ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ። በመጀመሪያው ቀን አንሱት። ሦስት ወር ከደከማችሁ በኋላ መስማት ያሳዝናል። የማውቀው ሰው እንዲያ ሆኖበታል፤ በቃለ መጠይቁ ማብቂያ ላይ ነው የነገሩት።

መሣሪያ መያዝ ለማትፈልጉ፦ ምንም ነውር የለውም። ሌቭል ስሪን፣ የኒው ዮርኩን፣ ወይም በብዙ ከተማ ያለውን የሲቪል በጎ ፈቃደኝነት ጠይቁ። አስተርጓሚ ሆናችሁ የምትሰጡት አገልግሎት ከባጅ የማያንስበት ቀን ብዙ ነው።

ሁላችሁም ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ በሥራ ላይ ብጎዳ ካሳው የማን ነው? የፌደራሉ የሟች ፖሊስ ቤተሰብ ድጎማ ከ1976 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ሕጉ ያለ ክፍያ የሚያገለግሉትንም ይጠቅሳል። ሆኖም በዚያ ሕግ አተረጓጎም «ፖሊስ» ተብላችሁ መቆጠር አለባችሁ። የያዛችሁት ደረጃ ይቆጠር እንደሆነ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ለባለቤታችሁ ስጡ።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ይዞት የመጣውን ቅጽ አልላከውም። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነበረ፤ የሥልጠናውን ሰዓት ሁለት ጊዜ ብንጠይቅም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡንም። አሁን በማታ የሚያሠለጥን ሌላ ቦታ አመልክቷል። የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሁለት ዓምድ የተጻፈ አንድ ወረቀት አለ፤ በግራ ኅዳር 12 ቀን 1985፣ በቀኝ ኖቬምበር 21 ቀን 1992፣ ከሥሩ የተርጓሚው ማኅተም። መርማሪዋ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለዚያ ወረቀት ነበር። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለችው፤ «ሌሎች አመልካቾችም እንዲህ ቢያደርጉልኝ!»